የፈንታዬ ሐሙስ

ሐሙስ የካቲት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ፈንታዬ ላሊበላ በሚገኘው የኪራይ ቤቷ ደጃፍ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ሳለ ወድቃ ሞተች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነበር። ሆስፒታል ያደረሷት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ሐኪሙ ምክንያቱ የደም ግፊት ነው ብሏል። በማግስቱ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተቀበረች።

በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን ያነበበው በወረዳው ውስጥ አንድ ጽሕፈት ቤት የሚመራ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ ነገሩ የአንድ ሰው ነገር ይመስላል። ኃላፊው እያልኩ እቀጥላለሁ። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍቶ፣ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «በጽሕፈት ቤታችን አነሳሽነት የኦቲዝም ተጠቂ ሕፃናትን በዘመናዊ ቴክኖሎጂ በመደገፍ ለውጤት ያበቃች ታታሪ እህታችን» ብሎ አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ሳይቸገር ሰጠኝ፤ እንዲያውም ቅጂ እንዳለው ነገረኝ። ዘጠኝ ዐረፍተ ነገር አለው። ከእነዚህ ውስጥ ላረጋግጥ የቻልኩት ሁለቱን ነው፤ ስሟንና የሞተችበትን ቀን።

ሃያ ሁለት ዓመት በዜና ሥራ ኖሬያለሁ። በንግግር የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን ለቀስተኛው ሳይበተን ወጥቼ ሄድኩ።

ፈንታዬን ያወቅኋት በጥቅምት 2008 ነው። ላስታንና ዋድላን እየተመላለስኩ የምዘግብ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስተማምን መስመር የሚገኘው ከሆቴሎች ነው፤ እሱም መብራት ካለ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዜና ልልክ ወደ አንዱ ሆቴል ስገባ እንግዳ ተቀባዩ እጁን አወዛወዘብኝ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዋይፋዩን የሚነካ የለም። እትዬ ፈንታዬ ትገድለናለች።»

«ማን ናት እሷ? ባለቤቷ ናት?»

«ኧረ አንሶላ አጣቢያችን ናት» አለና ሳቀ። «ባለቤቱም ይፈራታል።»

ወደ ጓሮ ዞርኩ። የአንሶላ ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጋር በአንድ በር የሚገናኝ፣ አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ አንሶላና የትራስ ልብስ ተደርድሯል። በመካከሉ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ በላዩ ላፕቶፕ፣ በላፕቶፑ መስታወት ውስጥ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት። ምንጣፉ ላይ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ የትራስ ልብስ ጠርዝ በጣቶቹ እያሻሸ ተቀምጧል፤ ከጀርባው እናቱ። ልጁ ምስጋናው ይባላል፣ እናቱ የሺ። ከከተማው ቁልቁል አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው በእግር የሚመጡት። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው ሜሮን ናት፤ አዲስ አበባ የተቀመጠች የኦቲዝም ባለሙያ። በዚያ ደጋ እንዲህ ያለ ባለሙያ ስለሌለ አንድ ድርጅት ሕክምናውን በቪዲዮ ጥሪ ለመሞከር ወስኖ ነበር። ሜሮን ልጁን ታያለች፣ ታዛለች፤ የምታዘውን የሚሠሩት እዚህ ያሉት እጆች ናቸው።

እጆቹ የፈንታዬ ናቸው። እሷን ማንም አልመደባትም። ድርጅቱ የተከራየው የሆቴሉን ስብሰባ አዳራሽ ነበር። በመጀመሪያው ሐሙስ የሜሮን ድምፅ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሲያስተጋባ ልጁ ጆሮውን ይዞ ጮኸ፣ ራሱን ከወለሉ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ፈንታዬ ጩኸቱን ሰምታ እጇ አረፋ እንደሆነ ገባች።

«ይሄ አዳራሽ በእኔም ላይ ይጮህብኛል» አለች አሉ። «ወደ እኔ አምጡት። አንሶላ ድምፅ ይበላል።»

ይህን የነገረኝ እንግዳ ተቀባዩ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግን፣ ካልሆነ እናገራለሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

አጭርና ቀጭን ነበረች፤ የእጆቿ ቆዳ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብዛት የተላጠ። ከላፕቶፑ ጋር የምታወራው ከገደል ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደምታወራ ጮክ ብላ ነው። ጥሪው ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ መስታወቱን ትጠርጋለች፤ «ቆይ ፊቷን ላጥባት» ትላለች። ሜሮን ልጁ ወደ ዓይን እንዲያይ ደጋግማ ስትጠይቅ ፈንታዬ በጆሮዬ፣ «ዓይኑን ለምን ይለምኑታል፣ እጁ እያወራ» አለችኝ። እውነትም ልጁ ብስኩት ሲፈልግ ሰው ሳያይ የፈንታዬን እጅ አንስቶ እንደ ዕቃ ወደ ብስኩቱ ይገፋው ነበር። ይህን ለሜሮን ያሳየቻት እሷ ናት። ሜሮን ከዚያ ቀን ወዲህ በእጁ ጀመረች።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ብስኩቱን ከፍ አድርጎ መያዝ፣ አምስት ሰከንድ ዝም ማለት፣ ልጁ ሲያይ ወይም እጁን ሲዘረጋ ወዲያው መስጠትና ማሞገስ። ወዲያው ካልሆነ ልጁ የተሸለመው ለምን እንደሆነ አያውቅም። ሜሮን ይህን ማድረግ ያለባት እናቱ ራሷ እንድትሆን ትፈልግ ነበር፤ ሐሙስ በሳምንት አንድ ቀን ናት፣ እናት ግን ሁልጊዜ አለች።

«የሺ፣ ልክ ሲያይሽ ስጪውና ጎበዝ በይው። ጮክ ብለሽ። ደስ እንዳለሽ ይወቅ።»

ልጁ አየ። የሺ ብስኩቱን ሰጠችው። አፏ ግን ተዘጋ።

«ትሰሚኛለሽ? ጎበዝ በይው እንጂ!»

የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ። በሦስተኛው ሜሮን አንድ ነገር ስትጽፍ በመስታወቱ አየናት። ምን እንደጻፈች በኋላ ራሷ ነግራኛለች፤ «የእናት ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» የሚል ነበር።

ፈንታዬ ጥግ ላይ ሆና የትራስ ልብስ ትተኩሳለች። ካውያውን አቆመችው።

«እኔ የምልሽ ሜሮንዬ፣ እዚያ አንቺ ጋ ስንት ሰው አለ?»

«የት?»

«ከኋላሽ። እኛን የሚያይ።»

የሜሮን መልስ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። «ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እኛ ግን አናይማ! አንቺ በመስኮት ነው የምታይን። ይቺ ሴትዮ ማን እንደሚያያት በማታውቀው መስኮት ላይ ልጇን አውጥታ ጎበዝ፣ አዋቂ እያለች ትጥራበት? ዓይን ሲያርፍበት ማን ይመልስላታል? አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ኧረ መች ጠየቅሻት! በይ በይ ስትያት ነው የሰነበትሽው።»

የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ያንገቷን ማተብ እየነካካች፣ «ከእሱ በላይ የነበረውን ልጄን ሰው ፊት አሞግሼ ነው ያጣሁት» አለች።

ፈንታዬ መጥታ ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። «በእኛ አገር ልጅ አይሞገስም አልልሽም። ይሞገሳል። ግን ይዘጋበታል» አለችና ብስኩቱን አነሳች። ልጁ እጁን ሲዘረጋ ሰጠችው፤ «ጎበዝ! እንትፍ እንትፍ፣ ዓይን አይይህ» ብላ ግንባሩ ላይ እፍ አለችበት። ምራቅ የለበትም፤ የከንፈር እፍታ ነው። ላስታ ያደገ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ ያውቀዋል።

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ከለቅሶ ሌላ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ብስኩቱን ጣለና ግንባሩን ወደ ፈንታዬ አስጠጋ።

ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ከላፕቶፑ ጩኸት መጣ። «ድገሚው! ግንባሩን ሰጠሽ እኮ! እየጠየቀሽ ነው!»

ፈንታዬ ደገመችው። ቀጥሎ የሺ አደረገችው፤ ጎበዝ የሚለውን ቃል ጮክ ብላ፣ እንትፍታውን አስከትላ። ሜሮን ከማስታወሻዋ ላይ ያንን መስመር ሰርዛዋለች። ሰርዛ ያሳየችኝን ወረቀት አይቻለሁ።

በመጋቢት ምስጋናው የሚፈልገውን ዕቃ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንስቶ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። ውሃ፣ ብስኩት፣ ውጪ። አንድ ሐሙስ ፈንታዬ የተቋጠረ የጫማ ማሰሪያውን ከፈታችለት በኋላ ልጁ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯ ላይ እንትፍ አለባት። ፈንታዬ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነበር። «የሳሙና ውሃ ነው፣ ምን ታየኛለህ አንተ ሬዲዮ» አለችኝ። ስሜን ጠርታው አታውቅም፤ ሬዲዮ ነበር የምትለኝ።

ያን ቀን ለምን ይህን ያህል እንደምትደክም ጠየቅኋት።

«የሺ ልጇን እንዳታስር ነው። እኛ ወንድማችንን በረት ውስጥ አስረን ነው ያሳደግነው። ገደል እንዳይገባብን ብለን። ደግ የሠራን መስሎን። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማን ነገረን?» ካለች በኋላ፣ «ይሄን አትጻፍ» አለችኝ። አልጻፍኩም። አሁን የጻፍኩት እህቷን አስፈቅጄ ነው።

በሰኔ 2008 እንግዶች መጡ። ድርጅቱን የሚረዱ የውጭ ሰዎችና ከዞን የመጡ ባለሥልጣናት ናቸው። ዝግጅቱን የያዘው ኃላፊው ነው። እስከዚያች ቀን የአንሶላ ክፍሉን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በዋዜማው ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ከፈንታዬ ጋር ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልጁ አዳራሹን ይፈራል» አለች። «እንግዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ እኔ ክፍል ይግቡና ዳር ተቀምጠው ይዩት።»

«ወይዘሮ ፈንታዬ፣ እንግዶችን ልብስ ማጠቢያ ቤት አስገብተን እናዋርዳቸው? ፕሮግራሙ ወጥቷል እኮ።»

«ፕሮግራሙን ያወጣው ልጁ አይደለማ።»

«ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ እንዲል አስጠኑት። አጭር ነው።»

«አፍ የለውም እያልኩዎት!»

«አንድ ሌሊት አላችሁ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ባነር ተሰቀለ፣ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፣ ጠረጴዛዎች አረንጓዴ ጨርቅ ለበሱ። ለምሳ የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ ከኩሽናው እየመጣ አዳራሹን ሞልቶታል። ምስጋናው ለአርባ ደቂቃ ንግግር ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ፣ ጆሮውን ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሺ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ኃላፊው ከመድረኩ ላይ በጣቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር እያመለከተ፣ «ይህ የምታዩት ሕፃን ሰው የማያውቅ ነበር፤ በተሠራው ሥራ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ድኗል» አለ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ልጁን የባሰ አስጮኸው። እንግዶቹ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ፎቶ አነሱት። አንዲት ሴትዮ ያነሳችውን ፎቶ እየተመለከተች «ምስኪን» እንደሚሉ ዓይነት ከንፈሯን ስትመጥ አየኋት፤ ከዚያ ሥጋው መቼ እንደሚቀርብ ለማየት ወደ ኩሽናው በር ዞረች።

ፎቶ አንሺው ኃላፊውን ከልጁ ጋር ፈለገ። ላፕቶፑ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ተከፍቷል፣ ሜሮን ከውስጥ ታያለች። ፈንታዬ ልጁን በአንሶላ ሸፍና ጭኗ ላይ አድርጋ ስታረጋጋው ቆየች፤ ዝም አለ። ኃላፊው ከሰሃን ላይ ብስኩት አንስቶ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ፣ ዘረጋለት። ልጁ ብስኩቱን ወሰደ። በላ። ከዚያ ተነሳና የኃላፊውን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አለበት። አፉ ውስጥ ብስኩት ስለነበረ ፍርፋሪው ቅንድቡ ላይ ተለጠፈ።

ሁለት ሰከንድ አለፈ።

«ጎበዝ!» አለ ላፕቶፑ። «አያችሁት? አመሰገነዎት! ለማያውቀው ሰው የመጀመሪያው ነው!»

ኃላፊው መሐረቡን አወጣ። ቅንድቡን ጠረገ፤ አጥፎ እንደገና ጠረገ፤ ገልብጦ እንደገና ጠረገ። አስተርጓሚው ለእንግዶቹ ምን ልበል ሲለው በለሆሳስ፣ «ታሟል በላቸው» አለው። ሰምቼዋለሁ፣ ከአንድ ክንድ አልራቅኩም። በአንድ ስብሰባ ውስጥ ልጁ ድኖም ታሞም ነበር።

«ማን ነው ይህን ያስተማረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፈንታዬ። በዋዜማው እርስዎ ስትለው ነበር፤ አሁን ተወችው። «ምነው አንተ፣ አላወቅኸውም? እናትህ ጎረቤቴ አልነበሩም? ገበያ ይዘውህ ሲወጡ ሰው ባየህ ቁጥር እንትፍ እያሉብህ ግንባርህ አይደርቅም ነበር። ያ ነው ለዚህ ያበቃህ!»

አስተናጋጆቹ ሳቁ። ከዞን ከመጡት አንዱም ሳቀ። የኃላፊው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ነገሩ አልገባውም ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ከሁላችን በላይ ገብቶታል። ያፈረው በልጁ አይደለም፤ በእናቱ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ዜናውን ላክሁ። እንግዶች ፕሮግራሙን ጎበኙ፣ ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ መዳኑን ኃላፊው ገልጸዋል የሚል ነው። እንትፍታውን አላነሳሁም። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን የሚለቅ እንዳልሆነ ሜሮን አስረድታኝ ስለነበር ድኗል የሚለው ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውዬው ብሏል፤ ማለቱ እውነት ነው። «ገልጸዋል» የምትለዋን ቃል እኛ ዘጋቢዎች የምናስቀምጣት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ለሆቴሉ ከኃላፊው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰ። «በሕፃናት ላይ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በማስፋፋት» ይላል። የሆቴሉ ባለቤት፣ «ምን ላድርግ፣ ፈቃዴ እጃቸው ላይ ነው» አለኝ። ፈንታዬን አሰናበታት። ፕሮግራሙ «እስኪጠና ድረስ» ተብሎ ቆመ። ላፕቶፑ ለጊዜው ወደ ኃላፊው ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። በጥቅምት 2009 ለሌላ ጉዳይ ስሄድ አየሁት፤ ጸሐፊው ካርታ ይጫወትበታል።

ፈንታዬ እቤቷ አንሶላ ለፔንሲዮኖች ማጠብ ጀመረች። ሐሙስን ግን አልተወችም። ሐሙስ ጠዋት የአንድ ሰዓት መንገድ ቁልቁል ወርዳ የሺ ቤት ትሄዳለች፣ ከልጁ ጋር ትሠራለች፣ በስልኳ ትቀርጻለች። በዚያ ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ቪዲዮውን መላክ አይቻልም። ስለዚህ የስልኳን ሚሞሪ ካርድ ታወጣና በመድኃኒት ላስቲክ ጠቅልላ ለሚኒባስ ሹፌር ትሰጣለች፤ ሹፌሩ ጋሸና ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይወስደዋል። ሜሮን አይታ በስልክ ትደውላለች። በቪዲዮ ሁለት ሰከንድ ይዘገይ የነበረው መልስ አሁን አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ይዘገያል።

«ብስኩቱን ቶሎ ሰጠሽው፣ አምስት ቁጠሪ» ትላታለች ሜሮን።

«ያ እኮ ድሮ ነው! አሁን እስከ ስምንት እቆጥራለሁ። አንቺ ያረጀ ልጅ ነው የምታዪው።»

አንድ ጊዜ ካርዱ ጋሸና ቀረ። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ባዶ መስሎት ዘፈን ጭኖበት ነበር። ፈንታዬ ራሷ ሄዳ አስመለሰችው። «የሦስት ሳምንት ልጅ አጥፍተህ እስክስታ ሞላህብኝ» ብላ ምሳ ላይ ባለው ሰው ሁሉ ፊት ወረደችበት። ይህን የነገረኝ አስተናጋጁ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርዱን ራሱ እየተቀበለ አውቶቡሱ እስኪመጣ ከሸሚዝ ኪሱ አያወጣውም ነበር።

በታኅሣሥ 2010 ሜሮን አዲስ አበባ በተከፈተ አዲስ የኦቲዝም ማዕከል ሥራ ጀመረች። ማዕከሉ ልጁን ከእናቱ ጋር ለሦስት ወር ተቀብሎ ያሠለጥናል፤ ከዚያ የራሳቸውን መሣሪያ ሰጥቶ በቪዲዮ ከቤታቸው ይከታተላል። ሁለት ነገር ይጠይቃል። ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት፤ ከወረዳው ችግሩ እንዳለበት የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚጽፈው የኃላፊው ጽሕፈት ቤት ነው።

የሺና ፈንታዬ አብረው ሄዱ። ኃላፊው መዝገብ አስወጣ። የሺ እንደነገረችኝ እንዲህ ነው የተባባሉት።

«ምስጋናው በ2008 ድኗል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል።»

«አልዳነም ጌታዬ። ይኸው ይዤዋለሁ፤ ይዩት።»

«ማየት የእኔ ሥራ አይደለም እህቴ። ለዳነ ልጅ ታሟል ብዬ ልጻፍ? ውሸት ልታስጽፊኝ ነው? በሬዲዮ ሳይቀር ተነግሯል፤ ማስረጃው ከፋይሉ ጋር ተያይዟል።»

በዚያው ቀን ፈንታዬ እኔ ዘንድ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንተ ሬዲዮ፣ ድኗል ብለህ አውርተሃል?»

«ኃላፊው ገልጸዋል ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

«እኔ ስለ ሰውየው ጠየቅሁህ? ድኗል የሚለው ከአንተ አፍ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ወጥቷል።»

«እንግዲያው አንተው መልሰው።»

ለአለቃዬ ጻፍኩ። ማስተባበያ የሚሠራው ቃሉን የሰጠው አካል ሲጠይቅ ብቻ ነው የሚል መልስ መጣ። ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ሻይ አዘዘልኝ።

«እርስዎ ማስተባበያ እንዲሠራ ቢጠይቁ ይሠራል» አልኩት።

«ሚዲያ የዘገበውን እኔ እንዴት እቃወማለሁ?» አለኝ። «ሕዝቡ ሰምቶታል።»

«እርስዎ የነገሩኝን ነው የዘገብኩት።»

«አይ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ አጣርተህ ነው የምትዘግበው ብዬ ነዋ» አለና ሳቀ። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። መጠጣቴን የምጽፈው ስለጠጣሁት ነው።

ፈንታዬ በየሳምንቱ ሰኞ እየመጣች፣ «መለስከው?» ትለኛለች። ሌላ ነገር አትጨምርም። እኔም «እየተጻጻፍኩ ነው» እላታለሁ። እየተጻጻፍኩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን መጻፍ እችል ነበር። ወደ አዲስ አበባ መሄድም እችል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው የካቲት 12 ቀን ሰኞ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሳትጠይቀኝ አየችኝና ተመለሰች። በሐሙሱ ሞተች።

የካቲት 19 ቀን የአለቃዬን ፈቃድ ሳልጠብቅ ማስተባበያውን በራሴ ስም ጽፌ ላክሁ። ሕፃኑ አልዳነም፣ ያንን የዘገብኩት እኔ ነኝ፣ በወቅቱ ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር የሚል ነው። አልተላለፈም። የደረሰ መሆኑን ግን በስልክ አረጋግጠውልኛል። ቅጂውን ለኃላፊው ጽሕፈት ቤት አስገባሁ፤ መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጥቶ ተቀብሎታል። የድጋፍ ደብዳቤው አልተጻፈም።

ማክሰኞ መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሺ ቤት ደረስኩ። ምስጋናው ደጅ ላይ ነበር። የሺ ለማዕከሉ ያዘጋጀችውን ወረቀት ከሙዳይ አውጥታ አሳየችኝ፤ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ የሜሮን ደብዳቤና የክትባት ካርድ ነው። በክትባት ካርዱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ቀን መጋቢት 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።